ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ድመቴን ምን ላድርጋት?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ፣ ከጀሞ ነው። ዕድሜዬ 29 ነው። የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄ ነው። ጉሬዛ የምትባል ድመት አለችኝ። ብቻዬን ተከራይቼ ስኖር በክረምት ቱቦ ሥር ስትጮህ አግኝቼ ነው ያሳደግኳት። ይኸው 6 ዓመት ሆናት። ባለቤቴን ሳላውቅ በፊት ማታ ስገባ በር ላይ የምትጠብቀኝ እሷ ብቻ ነበረች።

አማቴ በጣም ደግ ሴት ናቸው። እናቴ በሕይወት ስለሌለች የሚያርሱኝም እሳቸው ናቸው። እርግዝናዬን ከሰሙ ጀምሮ ግን "ይቺን ድመት አውጪ" ማለት አላቆሙም። ድመት ያለበት ቤት ፅንስ ይጨነግፋል ይላሉ። አንዲት ጎረቤቴም ሁለት ጊዜ አስወርዷት "ቶክሶ ነው" እንደተባለች ነገረችኝ። ደንግጬ ለብቻዬ ሄጄ ተመረመርኩ። ወረቀቱ "አይ ጂ ጂ ፖዘቲቭ፣ አይ ጂ ኤም ኔጌቲቭ" ይላል። ፖዘቲቭ የሚለውን ሳይ እግሬ ከዳኝ። ቀጠሮዬ ገና 2 ሳምንት ይቀረዋል። ለማንም አልተናገርኩም።

ባለቤቴ እኔንም እናቱንም ማስከፋት አይፈልግም። ትናንት "በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ራቅ ያለ ገበያ ልጣላት፤ ትለምዳለች" አለኝ። ሌሊቱን አለቀስኩ። ከልጄ አላስበልጣትም። ግን የግድ መሄድ አለባት? ልጁ ሲወለድስ? ፀጉሯ አስም ያመጣል፣ ሕፃን ላይ ትተኛለች የሚሉትስ እውነት ነው?

ግራ የገባኝ

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የምንልበትን ቀን ያምጣልን። መጀመሪያ ያንን ወረቀት እንየው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልብሽ ተሰቅሎ መክረም የለበትም።

ወረቀቱ በአብዛኛው የሚለው ይህን ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ድሮ፣ ከማርገዝሽ በፊት፣ ይዞሽ ነበር። ሰውነትሽ ታግሎ አስተኝቶታል። አይ ጂ ጂ የዚያ ትግል ምልክት ነው፤ ዕድሜ ልክ ደም ውስጥ ይኖራል። አይ ጂ ኤም ደግሞ በሽታው አዲስ ሲይዝ ቀድሞ የሚታየው ነው። እሱ አንቺ ጋ የለም። ፅንስን የሚያሰጋው እናትየው በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እርጉዝ ሆና እያለች ሲይዛት ነው። ቀድሞ የያዛት ሴት የገነባችው መከላከያ ልጇንም ይጠብቃል። ስለዚህ ያ ያስደነገጠሽ "ፖዘቲቭ" የሚያረጋጋ ዜና ነው። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ሕመም ያለባት ወይም እንደዚያ ያለ መድኃኒት የምትወስድ እናት ጉዳይ ስለሚለይ እሱን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ወረቀቱን ለቀጠሮሽ ይዘሽ ሂጂ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚነግርሽ የሚከታተልሽ ሐኪም ነው። እስከዚያው ግን እባክሽ ተኚ።

እንዳንቺ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅማ ከተማ ነፍሰ ጡሮች ላይ የወጣ ጥናት ከ100 ሴቶች ከ80 በላይ የሚሆኑት ደማቸው ውስጥ ይኸው ምልክት እንዳለ አሳይቷል። ይህን ያህል ሴት ሁሉ ድመት አሳዳጊ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ከየት ያዛቸው?

ነገሩ የሚጀምረው ከድመት ነው፤ ይህን አልክድሽም። አማትሽም ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። ተሕዋሱ እንቁላል የመሰሉ ጥቃቅን ዘሮቹን የሚያፈራው በድመት ዘር አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ድመት አይጥ፣ ወፍ ወይም ጥሬ ሥጋ ስትበላ ይይዛታል። ከዚያ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ያህል ከዓይነ ምድሯ ጋር ታወጣዋለች። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ታቆማለች። ጉሬዛ ከቱቦ ሥር የመጣች የ6 ዓመት ድመት ናት። ያ ጊዜዋ ምናልባት ገና በልጅነቷ አልፏል።

ሌላም ነገር አለ። የወጣው ዘር ወዲያው ሰው አይዝም። ለመብሰል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ የምትጸዳዳበት የአሸዋ ሳጥኗ በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው እዚያው ይቆረጣል። ችግሩ ያለው ማንም የማይጠርገው ሜዳ ላይ ነው። እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያል። ከአፈሩ ወደ ሰላጣው፣ ወደ ጎመኑ፣ ወደ ምንጭ ውኃው ይሄዳል። በጉና ፍየሉ፣ በሬውም ከሣሩ ጋር ይበሉታል። ከዚያ ሥጋቸው ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ያንን ሥጋ ደግሞ እኛ በጥሬው እንበላዋለን።

እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚቃጠለው። ድመቷን ለማስወጣት ቤተሰብ ሁሉ ይሰበሰባል። ስለ ቁርጡ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2000 በስድስት የአውሮፓ ከተሞች ባሉ ነፍሰ ጡሮች ላይ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ በእርግዝና ላይ ከያዛቸው ሴቶች እንደየከተማው ከ30 እስከ 63 በመቶ የሚሆኑት የያዛቸው በደንብ ካልበሰለ ሥጋ መሆኑን ገምቷል። ከአፈር ጋር ንክኪ ከ6 እስከ 17 በመቶ ነበር። ድመት መንካት ለብቻው ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። ያ አውሮፓ ነው፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ቀላ ያለ ሥጋ የሚበሉ ሰዎች አገር። እኛ ግን ሙሉ በሙሉ ጥሬውን ነው በአዋዜ የምንበላው።

የራሴን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ ድመቴን አውጪ ተባልኩና ለዘመድ ሰጠኋት። በዚያው ወር ፋሲካ ነበር። ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገብተን ነበርና ሥጋው ቤት መጣ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ቁርጥ በላሁ። "ብዪ፣ ለልጁ ነው" እያሉ ያጎርሱኝ ነበር። ልጄ በሰላም ተወለደ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ድመቷ ግን ከአዲሱ ቤት ወጥታ በዚያው ጠፋች። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ይህን ቢነግረኝ ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አንቺ አሁን ልብሽን የምትጥይው ወጥ ቤትሽ ላይ ነው። አምሮት ሲመጣ ክትፎ ይምጣልሽ፣ ግን የበሰለ ይሁን። ለብለብ አይበቃም። እንደ ክትፎ የተፈጨ ሥጋ ውስጡ ድረስ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት፤ ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ይህ ማለት አንድም ቀይ ቦታ ሳይቀር ማብሰል ነው። ጥብሱም ቢሆን ውስጡ ደም እንዳይኖረው። በተለይ የበግና የፍየል ሥጋ ላይ ጠንቀቅ በይ። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያና ቢላዋ በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበት። ወጥ ጨው ለመቅመስ ብለሽ ጥሬውን ሥጋ አትቅመሺ። ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በሚፈስ ውኃ ይታጠቡ። ወተት ይፈላ። "እኔ ፖዘቲቭ ነኝ፣ አልፎልኛል" ብለሽም ወደ ቁርጡ እንዳትመለሺ። ኮሶ የሚመጣው ከዚያው ከጥሬ ሥጋ ነው፤ ለነፍሰ ጡር የማይስማሙ ሌሎች ባክቴሪያዎችም አሉበት።

አሁን ይህን ለሚያነቡና ውጤታቸው ከአንቺ ለሚለይ እናቶች አንድ ነገር ልበል። ይህ ምርመራ በጤና ጣቢያ ክትትል ላይ እንደ ኤች አይ ቪና እንደ ቂጥኝ ለሁሉም ሴት አይሠራም። በፈረንሳይ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ይሠራል፤ ተሕዋሱ ይዟት የማያውቅ ነፍሰ ጡር በየወሩ ትመረመራለች። እኛ ጋ የምትፈልግ ሐኪሟን ትጠይቃለች። ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ መከላከያ የለሽም ማለት ነውና ከላይ ያልኩትን ጥንቃቄ እጥፍ አድርጊው። አይ ጂ ኤም ፖዘቲቭ ከሆነስ? አትደንግጪ፤ ግን አትቀመጪም። አይ ጂ ኤም ከያዘ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ስህተት ሆኖም ሊወጣ ይችላል። መቼ እንደያዘ ለመለየት አቪዲቲ የሚባል ሌላ ምርመራ አለ። በአንድ ወረቀት ብቻ ተደናግጦ ስለ እርግዝናው የማይመለስ ውሳኔ መወሰን የለበትም። ተሕዋሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ፅንሱ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው፤ ካለፈ ግን ጉዳቱ ይከፋል። ጭንገፋ፣ የጭንቅላት ውኃ መቋጠር፣ የዓይን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በመጨረሻዎቹ ወራት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ሕፃኑ ሲወለድ ደህና መስሎ ዓይኑ ላይ ከዓመታት በኋላ ሊታይበት ይችላል። ስፓይራማይሲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ሌሎችም አሉ። ስለዚህ በጊዜ ሐኪም ጋ መሄድ ትርጉም አለው።

ወደ ጉሬዛ እንመለስ። ሳጥኗን ከዛሬ ጀምሮ ባለቤትሽ ይጥረግ። በየቀኑ፤ "ነገ" የለም። አሸዋውን በፌስታል ቋጥሮ ይጣል፣ ሳጥኑን አልፎ አልፎ በፈላ ውኃ ይለቅልቀው። እሱ ሥራ ላይ ውሎ ካመሸና አንቺ ማድረግ ግድ ከሆነብሽ ጓንት አድርጊ፣ ከዚያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ውጤትሽ የሚያረጋጋ ቢሆንም ይህን ልማድ ያዙት፤ ነገ መሬት ላይ የሚድህ ልጅ ይመጣል። የአበባ ማሰሮ ወይም ጓሮ ስትነኪም ጓንት ይኑርሽ።

ምግቧስ? ብዙዎቻችን ለድመት ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝተን ጥሬውን እንወረውራለን። ቀቅለሽ ስጫት። ጥሬውን ስትበላ ነው ተሕዋሱ የሚገባባት። አይጥ እንዳታድን ማድረግ ይከብዳል፤ ግን የጠገበችና ቤት የምትውል ድመት ያን ያህል አታድንም። በእርግዝናሽ ወራት አዲስ ግልገል ድመት ቤት አታስገቢ። አዲስ ተይዛ ያንን ዘር የምታወጣው በአብዛኛው ግልገሏ ናት።

ከመውለድሽ ከሁለት ወር በፊት የእንስሳት ሐኪም ጋ ትሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትከተብ። ስሙ የውሻ ቢሆንም ድመትንም ይይዛል፣ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። የአንጀት ትል መድኃኒትና የቁንጫ መድኃኒት ትውሰድ። ቆዳዋ ላይ ፀጉሩ በክብ የተመለጠ ቦታ ካለ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሕፃን ይጋባል፤ ይታከም። ካልመከነችም አስመክኛት። ድመት ልትወልድ ስትል የምትመርጠው ጨለማና ለስላሳ ቦታ ነው። የልጅሽን ልብስ ያስቀመጥሽበት ቁም ሣጥን ውስጥ ወልዳ ብታገኚያት አማትሽ ምን እንደሚሉ አስቢው።

አሁን ስለ ሕፃኑ። ድመት የሕፃን ትንፋሽ ትሰርቃለች የሚባለው እውነት አይደለም። ግን ፍርሃቱ የመጣበት ነገር አለ። ድመት ሙቀት ትወዳለች። አራስ አልጋ ሞቃት ነው፣ ሕፃኑም ሞቃት ነው። ገና አንገቱን ማዞር የማይችል ልጅ አጠገብ ሄዳ ብትጠቀለል፣ ክብደቷም ፀጉሯም ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው። ልጁ የተኛበት ክፍል ድመት አትገባም፣ በሩ ይዘጋል። አጎበር ይበቃል ብለሽ አትተማመኚ፤ ላዩ ላይ ወጥታ ልትተኛበት ትችላለች። ማንም ሰው ሳይኖር ሁለቱን ለብቻቸው አትተዪያቸው። ልጁ መዳህ ሲጀምር ሳጥኗና የምግብ ሳህኗ እሱ የማይደርስበት ይሁን።

ይህን ሁሉ የምትጀምሪው ከወለድሽ በኋላ ሳይሆን አሁን ነው። ጉሬዛ እስካሁን እግርሽ ሥር እንደምትተኛ እገምታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሳሎን ይነጠፍላት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በር ላይ ትጮኻለች። ሆድሽ ይባባል፤ ግን ጽኚ። አሁን ከለመደች ልጁ ሲመጣ ቦታዋን የተነጠቀች አይመስላትም። ሆስፒታል እያለሽ ባለቤትሽ ሕፃኑ የተጠቀለለበትን አንድ ጨርቅ ቀድሞ ወደ ቤት ያምጣላት፤ አሽትታ ትወቀው። አራስ ቤት ጠያቂ ይበዛል፣ ገንፎና ቅቤው ይሸታል፣ በር ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል። ያን ጊዜ ድመት ትደናገጣለች። የምትሸሸግበት አንድ ጸጥ ያለ ጥግ፣ ከአልጋ ሥር ወይም ካርቶን ውስጥ፣ አዘጋጅላት። የደነገጠች ድመት ናት የምትቧጭረው። ከቧጨረች ወይም ከነከሰች ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

ስለ አስሙ፦ ድመትን የሚጠላ ሰውነት የሚቆጣው ከምራቋና ከቆዳዋ በሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ፀጉሯ ተሸካሚ ነው። አንቺ ወይም ባለቤትሽ አስም ወይም የድመት አለርጂ ካለባችሁ ጉዳዩን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። ከሌለባችሁ ድመት ቤት ስላለች ብቻ ልጁ አስም ይይዘዋል ማለት አይደለም። የሚያሳስበን የሕፃን ሳንባ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። አራስ ክፍል ውስጥ በር ተዘግቶ ከሰል ይነዳል፣ እጣን ይጨሳል፣ ቡና ይቆላል። ያ ጭስ የአራስን ሳንባ በእርግጥ ይጎዳል። ቡናው ሳሎን ይፈላ። ለአማትሽ ስትነግሪያቸው ከድመቷ ወሬ ይልቅ ይህን ብታስቀድሚ ደስ ይለኛል።

አማትሽን እንዴት ታስረጃቸው? ከሳቸው ጋር አትሟገቺ። ፍርሃታቸው ከፍቅር ነው የመጣው። "ድመት አታስጨንግፍም" ብለሽ አትጀምሪ፤ እሳቸው ያዩት ነገር ይኖራል። ለቀጠሮሽ ስትሄጂ "እማዬ፣ አብረውኝ ይምጡ" በያቸው። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲያብራራ እሳቸውም ይስሙ። አንቺ አሥር ጊዜ ከምትነግሪያቸው አንድ ጊዜ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ቢነግራቸው ይበልጣል። ከዚያ ሥራ ስጫቸው። "ክፍሉ ውስጥ እንዳትገባ እርስዎ ይጠብቁልኝ" በያቸው። ድመቷን ለማባረር የመጡ ሰው የልጁ በር ጠባቂ ይሆናሉ። ጉሬዛንም ከእሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብላ ብታገኚያት አይግረምሽ፤ እንዲህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን አንብቢለት። ወንድሜ፣ በከረጢት ገበያ የተጣለች የቤት ድመት አትለምድም። ስድስት ዓመት ሳህን ላይ የበላች ናት። ሠፈሩ የሌላ ድመት ነው፣ መንገዱ መኪና ነው፣ አይጡም መርዝ የበላ ሊሆን ይችላል። ሚስትህ ደግሞ ያንን ከረጢት ዕድሜዋን በሙሉ አትረሳውም። ድመቷ የግድ መሄድ ካለባት፣ ለምሳሌ ልጁ በእርግጥ አለርጂ ተገኝቶበት፣ የሚያውቃት ሰው ቤት በእጅ ትሰጣለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቤት እንዳትወጣ አድርገው ያቆዩዋት፤ የእኔዋ የጠፋችው ይህን የነገረን ስላልነበረ ነው።

እህቴ፣ ወረቀቱን ለብቻሽ ይዘሽ ሰንብተሻል። ዛሬ ማታ ባለቤትሽ ሲገባ አሳዪው። ከዚያ የሳጥኑን መጥረጊያ አቀብዪው።